የማሪያን ልብ ወዴት ገባ?

ደራሲን መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ደራሲው የጻፈውን ሁሉ ሳይመረምሩ አሜን ብሎ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው። በመካከላችን እነዚህ ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ሲቈጠሩ ብዙ ጊዜ ይታያል። አንድ መጽሐፍ ከታላላቆቹ መጻሕፍት ተራ ገብቷል ከተባለ፣ ተማሪው ገጹን የሚገልጠው ምስጋናውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ነው፤ በፈተና ወረቀቱም ላይ የሚያሰፍረው ያንኑ ምስጋና ነው። ይህ ልማድ ደራሲን ማክበር ይመስላል እንጂ ማክበር አይደለም። ያልተመረመረ ምስጋና ለሐውልትም ይቀርባልና። እኔ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ከደራሲዎች ሁሉ አብልጬ የምወዳትን እንግሊዛዊቱን ጄን ኦስተንን ለመክሰስ ነው። ክሱም አንድ ነው፦ ስለ ሁለት እኅትማማቾች በጻፈችው «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ»፣ በአማርኛ «ማስተዋልና ስሜት» ልንለው በምንችለው ልብ ወለድ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ከሁለቱ እኅቶች አንዷን አሳልፋ ሰጥታለች የሚል ነው።

ተከሳሿን በሚገባ ላስተዋውቅ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ጄን ኦስተን በ1775 በሃምፕሸር፣ ስቲቨንተን በምትባል የገጠር መንደር ከአንድ የደብር ቄስ ተወለደች፤ በ1817 ገና በ41 ዓመቷ ዊንቸስተር ከተማ ላይ ዐረፈች። የጨረሰቻቸው ልብ ወለዶች ስድስት ናቸው። ከስድስቱም አስቀድሞ የታተመው ይኸው የምንነጋገርበት መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በ1795 ገደማ «ኤሊኖርና ማሪያን» በሚል ስም በሁለቱ እኅቶች ስም ብቻ ተጠርቶ ነበር። ለኅትመት የበቃው ግን በ1811 ነው፤ ያውም በሦስት ቅጽ ተከፍሎ፣ ኪሳራ ቢመጣ ደራሲዋ ራሷ ልትሸከም ተስማምታ፣ ስሟም ሳይገለጥ አንዲት እመቤት የጻፈችው ነው ከመባል በቀር ምንም ሳይነገርላት። የመጀመሪያው እትም እስከ 1813 ተሸጦ አለቀና 140 ፓውንድ ትርፍ አገኘች። ይህ የድካሟ ዋጋ ነበርና፣ መጽሐፉን ስንነቅፍ ይህን መርሳት አይገባንም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ሚስተር ሄንሪ ዳሽውድ ሚስቱንና ሦስት ሴቶች ልጆቹን ትቶ ይሞታል። ይኖሩበት የነበረው ኖርላንድ የተባለው ሰፊ ርስት ግን በአጎቱ ኑዛዜ መሠረት ከመጀመሪያ ሚስቱ ለተወለደው ልጁ ለጆን፣ ከጆንም በኋላ ለጆን ሕፃን ልጅ የሚተላለፍ ነው። አባትየው በሞት አልጋ ላይ ሆኖ ጆንን ለእንጀራ እናቱና ለእኅቶቹ ያስብ ዘንድ ቃል ያስገባዋል። ጆንም ለእያንዳንዷ እኅት 1,000 ፓውንድ፣ በድምሩ 3,000 ፓውንድ ሊሰጥ በልቡ ይቈርጣል። ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ሁለተኛው ምዕራፍ የሚመጣው። ሚስቱ ፋኒ ከጎኑ ተቀምጣ ያቺን 3,000 ፓውንድ በወሬ ብቻ ታሟሟታለች። አስቀድማ በግማሽ ታወርዳታለች፤ ቀጥላ ለእናትየው በየዓመቱ የሚከፈል ጥቂት ገንዘብ ታደርጋትና እርሷንም አትረፍ ትላታለች፤ በመጨረሻም ጆን የሚሰጠው ነገር ዕቃ ሲያጓጕዙ ማገዝና በየወቅቱ ዓሣና የአደን ሥጋ መላክ ብቻ ይሆናል። ባልና ሚስቱ አንድም ጊዜ ክፉ ነገር ሠራን ብለው አያስቡም፤ ይልቁንም እየተነጋገሩ በሄዱ ቍጥር ደግነታቸው የበዛ ይመስላቸዋል። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት እየሰማ ያደገ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ይስቃል፤ ስቆ ሲያበቃም ይደነግጣል። የሰውን ስስት በእንዲህ ያለ ጸጥታ ገልጦ ያሳየ ሌላ ገጽ እኔ አላውቅም።

አራቱ ሴቶች፣ እናትና ሦስት ልጆች፣ በዓመት 500 ፓውንድ ገቢ ብቻ ይዘው ዴቨንሸር ውስጥ ወዳለች አንዲት አነስተኛ ቤት ይሄዳሉ። ሦስተኛዋ ማርጋሬት ገና የ13 ዓመት ልጅ ናትና ታሪኩ የሁለቱ ታላላቆች ነው። ኤሊኖር 19 ዓመቷ ነው፤ የቤቱን ሒሳብ የምትይዝ፣ እናቷን የምትመክር፣ የልቧን በልቧ የምትይዝ ናት። ማሪያን ገና 17 አልሞላትም፤ ፒያኖ ትመታለች፣ ግጥም ትወዳለች፣ የማትወደውን ወደድሁ አትልም፤ ሐዘንም ሆነ ደስታ ሲመጣባት መሸሸጉን እንደ ውሸት ትቈጥረዋለች። ዊሎቢ የተባለ መልከ ቀና ጐበዝ ይመጣና ልቧን ይወስዳል። ከዚያም ያለ በቂ ምክንያት ጥሏት ይሄዳል፤ ለንደን ላይ በሰው ፊት እንደማያውቃት ሆኖ ያልፋታል፤ 50,000 ፓውንድ ያላትን ሌላ ሴት ያገባል። ማሪያን ታለቅሳለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ሕመም ላይ ወድቃ ከሞት አፋፍ ትደርሳለች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ኤሊኖርም የራሷን እሳት ታቅፋ ተቀምጣለች። የምትወደው ኤድዋርድ ፌራርስ ሉሲ ስቲል ለምትባል ልጅ ከአራት ዓመት በፊት በስውር የጋብቻ ቃል ገብቶላት ኖሯል፤ ይህንንም ምስጢር ሉሲ ራሷ ለኤሊኖር ለማንም እንዳትናገር አድርጋ ነግራታለች። ኤሊኖር ሆድ ይፍጀው ብላ አራት ወር ዝም ትላለች። ነገሩ ከተገለጠ በኋላ ማሪያን እኅቷ ያን ያህል ጊዜ እያወቀች እርሷን ስታጽናና እንደ ኖረች ትሰማለች፤ ያን ጊዜ አንዷ የሌላዋን ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ ታያለች። መጽሐፉ ከፍ ካለው ቦታ የደረሰው በእኔ ዐይን እዚህ ላይ ነው። ፍቅሩ በወንዶቹና በሴቶቹ መካከል ሳይሆን በሁለቱ እኅትማማቾች መካከል ነው። አንዷ ዝምታን ታስተምራለች፤ ሌላዋ እውነትን መናገርን ታስተምራለች፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ጎደሎ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ደራሲዋ የማንንም ወገን ሳትይዝ ሚዛኑን ይዛ ሄዳለች።

ነገር ግን «ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው» እንደሚባለው፣ ጉዱ የሚመጣው በ50ኛውና በመጨረሻው ምዕራፍ ነው።

ኮሎኔል ብራንደን የሚባል ሰው ከታሪኩ መጀመሪያ አንሥቶ ማሪያንን በዝምታ ይወድዳታል። ዕድሜው 35 አልፏል፤ በዓመት 2,000 ፓውንድ ገቢ አለው፤ ደግና ቁም ነገረኛ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። ማሪያን በጅምሩ ስለ እርሱ ስትናገር ወፍራም የሱፍ ሰደርያ ለብሶ ስለ ቁርጥማቱ የሚያማርር ሽማግሌ አድርጋ ነው የምታየው። እንግዲህ ይህች ልጅ በ19 ዓመቷ የዚህ ሰው ሚስት ትሆናለች። ትሁን፤ ሰው ልቡን ይለውጣል፤ ልብን መለወጥ የልብ ወለድ ዋና ሥራ ነው። ነገር ግን ያ ልብ ሲለወጥ ልናይ ይገባን ነበር። ደራሲዋ አላሳየችንም። ለጋብቻ ሲጠይቃት አንሰማም፤ እሺ ስትለውም አንሰማም። ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ተሰጥተውን፣ ያቺ ልጅ የልጅነት እምነቷን ሁሉ ሽራ እንዳገባች፣ ከጊዜም በኋላ ቀድሞ ዊሎቢን በወደደችበት ሙሉ ልብ ባሏን እንደ ወደደች ይነገረናል። ይነገረናል እንጂ አይታየንም! በ49 ምዕራፍ ውስጥ ስትስቅም ስታለቅስም አብረናት የኖርን አንባቢዎች፣ በ50ኛው ላይ ከበሩ ውጭ ቆመን ዜናውን ከጎረቤት እንሰማለን።

አንዳንዱ ጓደኛዬ፣ «ኦስተን እኮ የጋብቻ ጥያቄን በዝርዝር መጻፍ አትወድም፤ የኤሊኖርንና የኤድዋርድንም እንዲሁ አልፋዋለች» ይለኛል። እውነት ነው፤ ኤድዋርድ ምን ብሎ እንደ ጠየቀ አልጻፈችም። ነገር ግን ኤድዋርድ ነፃ መሆኑን በሰማች ጊዜ ያቺ ትዕግሥተኛ ኤሊኖር ከክፍሉ ሮጣ ወጥታ በደስታ ስትንሰቀሰቅ አሳይታናለች። ከዚያ ወዲያ የሁለቱ ቃል ቢቀር ምን ጎደለብን? «ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ነውና፣ ልቧን በእንባዋ አይተነዋል። ለማሪያን ግን ከእነዚያ የደስታ እንባዎች አንዲት ጠብታ እንኳ አልተቈጠረላትም።

ከዚህ የባሰም አለ። በዚያው የመጨረሻ ምዕራፍ ስለ ማሪያን ጋብቻ በራሱ አንደበት የሚናገር ሰው ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁን? ያ 3,000ውን ፓውንድ ያስቀረባት ወንድሟ ጆን ዳሽውድ ነው! የብራንደንን ርስት፣ ቤቱንና ደኑን አይቶ ይጐመጅና፣ ማሪያን ወደዚያ ሰፈር አዘውትራ ብትመጣ ማን ያውቃል እያለ ኤሊኖርን ይመክራል። እናትየዋም ይህንኑ ትመኛለች፤ ኤሊኖርም፣ ኤድዋርድም ይህንኑ ይመኛሉ፤ ለብራንደን ውለታ ማሪያን ዋጋ ሆና እንድትከፈል ሁሉም ተስማምተዋል። ደራሲዋም ይህን ሁሉ ሰው በአንዲት ልጅ ላይ እንደ ተማከረ ጉባኤ ቈጥራ፣ እርሷ ምን ማድረግ ትችል ነበር ብላ በፈገግታ ታልፈዋለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተ ዘመድ መክሮ፣ ልጅቱ ብቻ ሳትጠየቅ ያለቀ ጋብቻን የሚያውቅ የአገራችን አንባቢ ለዚህ ትርጕም የሚያሻው አይመስለኝም። የሚገርመው ግን በሁለተኛው ምዕራፍ በጆን ስስት ላይ ያን ያህል የበረታችው ብዕር፣ በሃምሳኛው የጆን ምኞት ሲፈጸም ዝም ማለቷ ነው።

ለተማሪ አንባቢ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚቈጨው ሌላ ነገር አለ። ማሪያን ከሕመሟ ተነሥታ ወደ ቤት ስትመለስ ለኑሮዋ አንድ ዕቅድ ታወጣለች። በቤታቸው ያሉት መጻሕፍት ስለማይበቋት ከጎረቤትና ከኮሎኔል ብራንደን እየተዋሰች በየቀኑ ስድስት ሰዓት ልታነብ፣ በአንድ ዓመትም ውስጥ የጎደላትን እውቀት ልትሞላ ትወስናለች። ኤሊኖር እኅቷ ጥናትንም እንደ ፍቅር ከልክ በላይ ማድረጓን አይታ ፈገግ ትላለች፤ እኛም አብረን ፈገግ እንላለን። ነገር ግን ይህ ሐሳብ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ስሜቷን ሳትገድል ወደ እውቀት የምትመራበት መንገድ ነበር፤ የ«ማስተዋልና ስሜት» ክርክር መፍትሔ የሚያገኘው በዚህ ነበር። ያ ዕቅድ የት ደረሰ? ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ማሪያን ሚስት፣ የቤት እመቤትና የአንድ መንደር ባለ አደራ ሆናለች። ብድሩ ቀረና ቤተ መጻሕፍቱን ከነባለቤቱ ሰጧት። ስድስቱ ሰዓት ግን ዳግመኛ አይነሣም።

ሌላም የተረሳች ሴት አለች። ብራንደን በወጣትነቱ ኢላይዛ የምትባል ልጅ ወድዶ ነበር፤ ለገንዘብ ሲባል ለወንድሙ ተዳረችና ሕይወቷ ተበላሽቶ ሞተች። ልጇን፣ እርሷም ኢላይዛ ትባላለች፣ ብራንደን ተረክቦ አሳደጋት፤ ያቺንም ልጅ ዊሎቢ አታልሎ አስረግዟት ጥሏታል። ብራንደን ለኤሊኖር ሲነግራት ማሪያን ያችን የመጀመሪያ ፍቅሩን በመልክም በጠባይም እንደምትመስል ይናገራል። እንግዲህ ማሪያን የምትወደደው በራሷ ማሪያንነት ነው ወይስ በሟች ምትክነት? እንዲህ ያለውን ከባድ ጥያቄ ያነሣች ደራሲ መልስ ትሰጣለች ብለን እንጠብቃለን፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ግን የወጣቷ ኢላይዛ ስም እንኳ አይነሣም። ዊሎቢ ፈረሱንና ውሾቹን ይዞ ብዙም ሳይከፋው መኖሩን ለመናገር ግን ቦታ ተገኝቷል።

መምህራኖቻችን ለዚህ ሁሉ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ቀላል አይደለም። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሴት ልጅ ከማግባት ወይም በሰው ቤት አስተማሪ ሆና ከማደር በቀር ምን መተዳደሪያ ነበራት? ኦስተን የጻፈችው የምታውቀውን ዓለም ነው፤ ለማሪያን ቤትና እንጀራ የሰጠቻት ምሕረት አድርጋላት ነው ይላሉ። ደራሲዋ ራሷ ይህን በአካሏ አውቃዋለች። አባቷ በ1805 ሲሞት እርሷና እኅቷ ካሳንድራ ከእናታቸው ጋር በወንድሞቻቸው እርዳታ ላይ ወደቁ፤ ተረጋግተው የተቀመጡት በ1809 ወንድማቸው ኤድዋርድ ቾተን ላይ ቤት ሲሰጣቸው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ቀልድ እንዳልሆነ ከእኛ ይልቅ እርሷ ታውቃለች።

እኔም የምለው ይህን ስለምታውቅ ነው። ማሪያን ለእንጀራ ስትል አገባች ብትለን ኖሮ እናዝንላት ነበር እንጂ በደራሲዋ አናዝንም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1813 ባወጣችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» በተባለው መጽሐፍ ይህንኑ አድርጋዋለች። በዚያ መጽሐፍ ሻርሎት ሉካስ 27 ዓመት ሞልቷት፣ ቤት ስለሚያስፈልጋት ብቻ ያንን ቂል ሚስተር ኮሊንስን ታገባለች፤ ፍቅር ነው ብላም አትዋሽም፤ ጓደኛዋ ኤልሳቤጥም ደንግጣ ታዝንላታለች። እዚያ ላይ ነገሩ በስሙ ተጠርቷል። በማሪያን ላይ ግን ስምምነቱ ፍቅር ተብሎ ተሰየመ። የተበደልነው በጋብቻው አይደለም፤ በስሙ ነው።

ይህን ጉድለት ያየሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። በ1995 ይህ ልብ ወለድ በአንግ ሊ አዘጋጅነት ፊልም ሆኖ ሲወጣ፣ የፊልሙን ጽሑፍ ያሰናዳችው ኤማ ቶምፕሰን ከሕመሟ በማገገም ላይ ላለችው ማሪያን ብራንደን ግጥም ሲያነብላት የሚያሳይ ትዕይንት ጨመረችበት። መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን ለምን ጨመረች? ያለ እርሱ ጋብቻው ስለማይታመን ነው! ለጽሑፉም የኦስካር ሽልማት አግኝታበታለች። ደራሲዋ የተወችውን ቀዳዳ የደፈነችው ሌላ ሴት፣ ያውም ከ184 ዓመት በኋላ ናት።

አንድ ነገር ግን ለተከሳሿ መመስከር ይገባኛል። የመጽሐፉ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ስለ ባሎቹ አይደለም፤ ስለ ሁለቱ እኅትማማቾች ነው። ኤሊኖርና ማሪያን እርስ በርስ እየተያዩ ጎን ለጎን ሲኖሩ ሳይጣሉ፣ ባሎቻቸውንም ሳያቀያይሙ መኖራቸውን እንደ ትልቅ ምስጋና ቈጥራ ትዘጋዋለች። ጄን ኦስተን ዕድሜዋን ሁሉ ከካሳንድራ ጋር ኖራለች። የካሳንድራ እጮኛ በ1797 ምዕራብ ሕንድ ደሴቶች ላይ በቢጫ ወባ ሞቶ እርሷ ሳታገባ ቀረች፤ ጄንም በ1802 የቀረበላትን ጋብቻ አመሻሹ ላይ እሺ ብላ በማግስቱ ጠዋት አፈረሰችው። ለራሷ በአንድ ሌሊት ያወቀችውን ያንን እምቢታ ለማሪያን አልፈቀደችላትም። ነገር ግን እኅትማማቾቹን እንዳይለያዩ ማድረግ ዋና አሳቧ ነበር ብል አልሳሳትም፤ ባሎቹ የተገኙት እኅቶቹን ጎረቤት ለማድረግ ይመስላል።

ለደራሲ ያለኝን ፍቅር እንዳልተው ያደረገኝ ሌላው ነገር ኦስተን ከሞተች በኋላ በ1817 መጨረሻ የወጣው «ፐርስዌዥን» ነው። የዚያ መጽሐፍ ባለ ታሪክ አን ኤሊዮት በ19 ዓመቷ፣ ልክ ማሪያን ባገባችበት ዕድሜ፣ የሚወዷት ታላላቆች ስለ መከሯት የልቧን ሰው ትታለች። ስምንት ዓመትም በጸጸት ኖራለች። ማስተዋልን በልጅነቷ ተገድዳ ተማረች፤ ፍቅርን የተማረችው አድጋ ነው። ኦስተን በዚህ ጊዜ መካሪዎቹ ሊሳሳቱ እንደሚችሉ፣ የ19 ዓመት ልጅም ልብ ሊሰማ እንደሚገባው ጻፈች። በመጀመሪያ መጽሐፏ ለጉባኤው የፈረደች ደራሲ በመጨረሻ መጽሐፏ ለልጅቱ ፈረደች። ይህን መንገድ ማየት የሚችለው ግን የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ አዝኖ የነበረ አንባቢ ብቻ ነው። ሁሉንም እኩል ያመሰገነ ሰው ደራሲዋ ማደጓን እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የምትወዱት ደራሲ ሲያሳዝናችሁ ሐዘናችሁን በመምህር ማስታወሻ አትሸፍኑት። ገጹን ይዛችሁ የት ላይ እንዳዘናችሁ አሳዩ፤ ምክንያቱን ጻፉ፤ ተከራከሩ። የተከበራችሁ መምህራንም የተማሪውን ነቀፋ ከምስጋናው እኩል ማርክ ስጡት፤ በማስረጃ የቆመ እስከ ሆነ ድረስ። ማሪያን በደህና ቀኗ የማትወደውን ወደድሁ የማትል ልጅ ነበረች። መጽሐፉ በመጨረሻ ይህን ጠባይ ቢነሣትም፣ እኛ አንባቢዎቿ ልንይዝላት እንችላለን። ብራንደንን የሚሟገትለት ሰው ካለ፣ በሚቀጥለው እትም መልሱን ለማንበብ ዝግጁ ነኝ።